ከሶሉ ሥር

ዱይስቡርግ ላይ፣ ከራይን ማዶ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣
ካልጋ የማይሰፋ ሱቅ ውስጥ፣ ሚስማር፣ ማስቲሽ፣ ቆዳና ክር።
ጌታው ዝቢግኒው ይባላል፤ ስሙን ለመጥራት ስቸገር
«ዝቢሼክ በለኝ» ብሎኛል፣ የመጀመሪያው ቀን ስቀጠር።

ጋዜጣ አይገዛም ሰውዬው፤ ሬዲዮ ከፍቶም አይሰማ፤
ዘመኑን የሚያነበው ገልብጦ ነው፣ የመጣለትን ጫማ።
«እየው» ይለኛል፣ በጣቱ ሶሉን እየደባበሰ፣
«ይሄ ሰው ቆሞ ነው የሚውል፤ ይሄ ግን ሥራ እያሰሰ
ከበር በር ሲዞር ከርሟል፤ ውጭ ውጪው ነው ያለቀ፤
ያችኛው የባንክ ሠራተኛ፣ ተረከዟ ብቻ የደቀቀ።»

ብረት በጋለበት ዓመት፣ ማቅለጫው ሌት ተቀን ሲነድ፣
ሰማዩ ብርቱካን መስሎ፣ ጀልባው ከሰል ጭኖ ሲወርድ፣
እኛ ጋ ማን መጥቶ! ማን ያሰፋል፣ አዲስ መግዛት እያለ፤
የተቀደደው ተጣለ፤ ያልተቀደደውም ተጣለ።
ጉልሱም ከፊት ለፊታችን፣ ቬሎዋን ሰቅላ በመስኮት፣
ሦስት ሙሽራ ባንድ ቅዳሜ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ ጩኸት፤
ዴትሌፍ፣ የምድጃው ፎርማን፣ ልጁን ሲድር ገዛላት
ጅራቱ ባቡር የሚያህል፣ ዶቃ የተዘራበት።
እኛ በዚያ ደስታ መሃል፣ የሦስት ወር ኪራይ አዝለን፣
ዝቢሼክ ቁልፍ ሲቀርጽ፣ እኔ ሰዓት ስቆጥር ዋልን።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዋይታ የለ፣ ነጎድጓድ የለ፣
ከሦስቱ ጭስ አንዱ ቀረ፤
ሰማዩ ጠራ፤
ሰው ከሰለ።

«ትዕዛዝ ቀንሶ ነው፣ ለጊዜው» ሲሉት የነበረ ነገር
ጊዜውን በልቶ ከረመ።
ቀድሞ የወደቀው ማን ሆነ? ብረት ነክቶ የማያውቅ፤
ኢርምጋርድ፣ የሌሊት ፈረቃን ሾርባ ይዛ የምትጠብቅ።
ቀጥሎ የጭነት ሹፌሩ። ቀጥሎ ጸጉር አስተካካዩ
(ሥራ ያጣ ሰው ጸጉሩ ቶሎ አያድግም መሰለኝ)።
የጉልሱም ቬሎ በመስኮቱ አቧራ ጠጥቶ ወየበ፤
ሠርግ ተላለፈ፤ ፍቅር እንኳ በወለድ መጠን ታሰበ።
ቀባሪ አልጎደለበትም፤ ነርሷም እንደ ድሮዋ ሮጠች፤
የዕዳ ሰብሳቢው ሚስት ግን አዲስ መኪና ለወጠች።

እኛ ጋም ደወሉ አያርፍም፤ ያረጀው ሁሉ ተፈለገ፤
ጫማ በላስቲክ፣ ጫማ በካርቶን፣ ከወንበሬ በላይ አደገ።
የቀረው ኪራይ ተከፈለ፤ ዝቢሼክ ጥርሱን አስሞላ፤
ደሞዜም ተጨመረልኝ፤
ሰፈሩ ሲከሳ፣ እኔ ስሞላ፣
ሳቄን ወዴት ላድርገው?

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ዴትሌፍ መጣ፤
ልጁን የዳረበትን ጥቁር ጫማ፣ በጋዜጣ
ጠቅልሎ። «ሶሉ» አለኝ፣ «እስከ ሐሙስ ይታደስ፤
ቃለ መጠይቅ አለብኝ፤ መጋዘን፣ ካርቶን ማመላለስ።»
ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። እሳት ዓይኑን ያቀላው ሰው፣
የቀለጠ ብረት በቀለሙ፣ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የሚያውቀው፣
ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

ገልብጬ አየሁት። ሶሉ ምንም አልሆነም።
አንድ ሠርግ፣ አንድ ጭፈራ፤ ከዚያ በቀር መሬት አልረገጠም።
«ደኅና እኮ ነው» ልል አፌን ስከፍት፣ ዝቢሼክ በዓይኑ ያዘኝ፤
ጫማውን ከእጄ ወሰደ።
«ሥራ አለው» አለ። «ረቡዕ ና።»
ማታውን በጨርቅ፣ በትንፋሹ፣ ሲወለውለው አመሸ፤
ያልተነካውን ሶል እንኳ በአዲስ ቀለም አለበሰ።
ሁለት ዩሮ ተቀበለው። በነፃማ ይሰድበዋል።

ብረትን እንደ ጋለ ነው ይላል የኛ ሰው ሲተርት፤
ሲበርድ ማን እንደሚቀጠቀጥ ግን አልነገረን ተረት።

አሁን ሚያዝያ ነው። ሦስተኛው ጭስ ተመልሷል።
ጉልሱም ቬሎውን አጥባ፣ መስኮቷ በረዶ መስሏል።
ምድጃውን ሁለት ልጆች፣ ከመስታወት ኋላ ተቀምጠው፣ በስክሪን ያዙታል፤
ዴትሌፍን አልጠሩትም።
መጋዘኑም ይጥራው አይጥራው፣ ጫማው ተመልሶ ስላልመጣ፣ አላነበብነውም።

ጭሱ ይብዛ ብዬ ልጸልይ? ወይስ ይቅር?
ዝቢሼክ ቁልፍ ይቀርጻል።
አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ደወሉ ዛሬ አንዴም አልጮኸም።