ሰባተኛዋ ሉል

ሞጣ፣ ከመናኸሪያው በታች፣ ከቆርቆሮ ሱቆች ጀርባ፣
የሐምሌን ጭቃ እየጎተትሁ ወደ ይርሳው ቤት ስገባ፣
በመሀረብ ጠቅልዬ ይዣት ነበር በጉያዬ፣
አክስቴ አንጓች የተወችልኝን ያቺን የደረት ጌጥ፣ ዕጣዬን፣ ዕዳዬን፣ ዕጣዬ።

የአንድ ብር ሳንቲም ታክላለች፤ ዙሪያዋን የወርቅ ሐረግ፣
መሀሏ ላይ ሰባት ሉሎች ክብ ሠርተው እንደ ሽማግሎች በወግ።
ስድስቱ ወተት ይመስላሉ፤ ሰባተኛዋ ግን ወይባ፣
ጧፍ መስላለች፤ መጽሐፍ ውስጥ ተረስቶ የደረቀ አበባ።

በየበዓሉ የሚነሳው ወሬ ነበር በቤታችን፦
"ድሮ መርፌዋ ብትሰበር፣ ለባለእጅ ብንሰጥ አምነን፣
ያ ቀጥቃጭ አንዷን ፈልፍሎ መስታወት ተክቶ ላከ።"
ማንም አላየ። ሊጠይቀውም አንድ ሰው እንኳ አልተላከ።
ልጅ ሆኜ ስቆጥራቸው፣ እናቴ ጣቴን ቀጨም አድርጋ፣
"ስድስት በዪ" ትለኝ ነበር፤ "ያችኛዋ የላትም ዋጋ።"

ይርሳው መነጽሩን ሰካ፤ አንድ እግሩ በሲባጎ የታሰረ።
በመዳፉ መዘናት፤ ለራሱ የሆነ ነገር ቆጠረ።
በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ጠርዟን እንደ ክብሪት ጫር አረጋት፤
ቢጫዋን ጭረት ተመልክቶ አንድ ጠብታ አሲድ ጣለባት።
አልጠፋችም። ጸናች።
"ወርቅ ናት" አለ። ከዚያም ሳቀ፤ "ቅኔዋ ግን የተገላቢጦሽ፣
ሰሙ በውስጥ፣ ወርቁ በላይ! እንዲህ ያለ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?
ሆዷን ሰም ሞልተው ነው ስስ ወርቅ የደረቡላት፤
አደራ፣ ዘንግተሽ እንኳ ምድጃ ዳር አታኑሪያት።
መርፌዋ ከጠርዟ አልፋ ትወጣለች፤ መቆለፊያም የላት፣
ቆልመም ያለች ሽቦ ብቻ፤ የድሮ ሰው ነው የሠራት።"

ከዚያ ሉሎቹን በተራ የፊት ጥርሱን ጫፍ አስነካ፣
ቀስ ብሎ፣ እንደሚሳለም ሰው። ጥርስም ይሰማል ለካ!
"ሉል ከሆነ ደቃቅ አሸዋ አለበት፤ ይሻክራል፤
መስታወት ከሆነ ልሙጥ ነው፤ ሾልኮ ያመልጣል።"
አንድ። ሁለት። ሦስት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
አምስት። ስድስት። ሰባተኛዋ ዘንድ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንሁ።
"አሸዋ" አለ።
"እ?" አልሁ።
"አሸዋ ናት። ሰባቱም ከባሕር የወጡ ናቸው።"

ጀርባዋን ገልብጦ ሲያይ ግን ዝም አለ፤ ብዙ ቆየ።
ከማጠፊያዋ ሥር፣ ጤፍ የማታህል እብጠት አየ፣
ጎኗ ላይ ሁለት ጭረት። "ይህቺ" አለ፣ "የአባቴ እጅ ናት፤
ከእናቴ ጉትቻ ወርቅ ቆርጦ ነው የበየዳት።
ብር አይቀላቅልም ነበር።"

የቤታችንን ደጃፍ፣ እንኳን ሊገባ፣ ተደግፎ ያልቆመ ሰው፣
የእጁ ሥራ ነበር አርባ ዓመት የአክስቴን ነጠላ የያዘው።
የስድስቱን ቁጥር ልነግረው ነበር። አልነገርሁትም።

"ታዲያ ይህቺ ለምን ወየበች?"
"የዳር ናት። ቅቤው፣ ሽቶው፣ ላቡ ቀድሞ የሚያገኘው እሷን ነው።
ደግሞ ሣጥን ውስጥ ዘጋችሁባት። ሉል እንደ ሰው ነው፤
ገላ ካልነካ ይከስማል።
ሎሚ፣ ሳሙና፣ አመድ አታስነኪ፤ ውኃ ውስጥም አትዝፈቂ፤
በረጠበ ጥጥ አንድ ባንድ አብሺ፤ እስክትደርቅ ጠብቂ።
ስትለብሺ መጨረሻ ትሁን፤ ስታወልቂ መጀመሪያ፤
ከሀብል ጋር አታጋጪያት፤ ይኑራት የብቻ ማደሪያ።"

"ስንት ልክፈል?"
"ለማየት አላስከፍልም" አለ፤ ፊቱን ወደ ወናፉ መለሰ።
ደጃፉ ላይ ቆሜ ለእናቴ ደወልሁ፤ ዝናቡም ቀነሰ።

"እማ፣ ሰባቱም እውነተኛ ናቸው።"
ዝም።
ከዚያ፦ "የማን ልጅ ነኝ አለሽ?"
ነገርኋት።

ስልኩ ውስጥ፣ ደብረ ማርቆስ፣ የእናቴ ጣራ ላይ
የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሰማኛል።