የዛጎል ልክ

አርባ ዓመት ሙሉ በመርፌ የኖርሁ ሰው ነኝ፣
የካኪ ሱሪ፣ የሙሽራ ኮት፣ ያልሰፋሁት የለኝ።
ጣቴን ስንቴ ወግቼ መጥጬዋለሁ ደሜን፣
አንዲት ድመት ናት ዘንድሮ ያሳጣችኝ አቅሜን።

ዛጎል ነው ስሟ፤ በነጭ ላይ ዳማ ጣል ጣል ያለባት፣
ቅርጫት ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ አልጋ የሆነላት።

በኅዳር፣ የጦሳ ብርድ ደሴን ሲቆነጥጣት፣
ውሃ ጥም ያዛት።
ለካውያ የማርስበትን ጣሳ ላሰችው እስከ ታች፤
ሞላሁት፤ ደግማ ላሰች።
በላች፣ ከሳች። በላች፣ ከሳች።
በመምህር ይርዳው ኮት ገበር ላይ ሸናች።
(ይህን ለይርዳው እስካሁን አልነገርሁትም።)

ዶክተር ሐያት፣ በሬና ፍየል ስታክም ውላ፣
ከጆሮዋ ጫፍ አንዲት ጠብታ ወሰደች ቀስ ብላ።
ማሽኑ ቆጠረ፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
«ስኳር ነው። የሰው ኢንሱሊን ይሆናታል፤
አንድ መስመር ጠዋት፣ አንድ መስመር ማታ።»
ስኳር የሀብታም ነው ሲሉ ነበር የሰማሁት፤
የኔዋ ከአይጥ በቀር ምን ቀምሳ አገኛት?

«ለድመት?» አለ ሰዒድ ሞላ፣ ባለ ሸቀጡ፣
«ሰው በየፋርማሲው በር ተኮልኩሎ፣ መድኃኒት ጠፍቶ?»
እውነቱን ነው። መልስ አልነበረኝም።
የሱሪ ጫፍ አጠፍሁ።

ማታ ጦይባ መጣች፣ ክር ሻጯ ጎረቤቴ፣
መጋረጃውን ዘጋች፣ ቆመች ከፊቴ።
ከጉያዋ ከረጢት አወጣች፣ የሰረቀች ይመስል፦
መለኪያ፣ መውጊያ፣ ሲሪንጅ።
«ሦስት ዓመት ሆነኝ» አለች። «ልጆቼም አያውቁ።
አንተ ድመትህን ሳትደብቅ፣ እኔ ምን ሆኜ ነው?»

እሷ ናት ያስተማረችኝ፦
«ጆሮዋን በሞቀ ጨርቅ ያዝ፣ ደም ወደ ጠርዝ እስኪወርድ፤
ሥሩን አትንካ፣ ከጎኑ ነው፤ አብሽር፣ እጅህ አትራድ።
መጀመሪያ ትብላ። እንቢ ካለች መርፌውን ተው፣ ደውል፤
ጠርሙሱን አትናጥ፤ በመዳፍህ መሃል ይንከባለል።»

አሥራ ሁለት ሰዓት። ከሸዋ በር አዛን አለ።
የጀርባዋን ቆዳ እንደ ጨርቅ አነሣሁት፣ ድንኳን ሠራሁት፤
መርፌው በወዲህ ገባ፣ በወዲያ ወጣ፤ ጸጉሯን አራስሁት!
አርባ ዓመት ሙሉ የሰፋ እጅ።
«ልድገም?»
«አትድገም፤ ምን ያህል እንደገባ አታውቅም።
ከፍ ያለ ስኳር ያድራል፤ ዝቅ ያለ አያድርም።»

የልክ ደብተሬ ላይ፣ ከትከሻና ከወገብ መሃል፣
«ዛጎል፦ ጠዋት 388፣ ማታ 351» ተጽፏል።
መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ፣ ጠርሙሱን በገንቦ፣
ገንቦውን በእርጥብ አሸዋ፣ አሸዋውን በጥላ አኖርሁ፤
ሌሊት እየተነሣሁ እንደ እርጉዝ ላም ጎበኘሁ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ እኩለ ሌሊት፣
ከቅርጫቷ ወጥታ ስትራመድ ጉልበቷ ከዳት፣
ግድግዳውን ተደግፋ እንደ ሰካራም ቆመች።
47።
ማር! የቦረና ማር በጣቴ ዝቄ ድዷን ቀባሁ፤
ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ለካሁ፦ 58።
ደግሜ ቀባሁ። ነከሰችኝ፤
ደሜና ማሩ ተቀላቀለ።
እሰይ! አልሁ፣ ብቻዬን፣ በሌሊት፣
የምትነክስ ድመት አለች፤ አልሄደችም ማለት።
98። ነጋ።
ዶክተር ሐያት መስመሩን በግማሽ ቀነሰችው።

አሁን አሥራ ሁለትና አሥራ ሁለት ላይ
ጦይባ ትመጣለች፤ መጋረጃው ክፍት ነው።
እሷ ለራሷ፣ እኔ ለዛጎል፤
መንገደኛ ቢያይ ይይ።

ትናንት ይርዳው ኮቱን ሊወስድ መጣ፣ ደብተሬን ገለጠ፤
«ይህ 214 የማን ደረት ነው?» ብሎ አፈጠጠ።
«የዛጎል ነው» አልሁት። «እየጠበበ ነው።»
ሳቀ። ኮቱን ለበሰ፣ ትከሻው ልክ መጣ፤
ገበሩን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ትንሽ ቆየ።
እኔ ክር ፈለግሁ።