ጋሪው ፈረሱን ሲያወርድ

«ጋሪው ፈረሱን ቀደመ» እያለ የሚስቅ ሰው፣
ወደ ብሪን ላስ ይምጣና አፉን ያዝ ያድርገው፤
እኛ ተራራ ላይ ጋሪ ነው ፈረስ የጫነው።

ጠዋት፣ ከወደቡ እስከ ካባው፣ ባዶ ፉርጎ እየሳቡ፣
ፈረሶች ዳገቱን ይወጣሉ፣ ዝናቡን በላብ እያጠቡ።
ከሰዓት ግን፣ ድንጋይ ተጭኖ ፍሬኑ ላላ ሲል፣
ባቡሩ ያለ ጭስ፣ ያለ ከሰል፣
በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ይንደረደራል።
ከኋላ፣ ሣር በተነጠፈበት ፉርጎ ተኮልኩለው፣
ፈረሶቹ ድርቆሽ ያላምጣሉ፣ እንደ ባለርስት ቆመው፤
ሸለቆው ሲያልፍ ያዩታል፣ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው።

ፍሬን ያዡ አያቴ ነበር፣ ኢድዋል።
በነጯ ባዝራ ስም «ኢድዋል ሴረን» ይባላል፤
ሴረን በእኛ ቋንቋ ኮከብ ማለት ነው።
መኳንንት በፈረሳቸው እንደሚጠሩ ሰምቻለሁ፤
ፍሬን ያዥ ሲጠራ ግን እኛ መንደር አየሁ።

ወንድሙ ካራዶግ ድንጋይ ሰንጣቂ ነበር።
የጣሪያ ሰሌዳ በካባችን እንደ መጠኑ ማዕረግ ነበረው፤
ትልቁ «ንግሥት»፣ ቀጥሎ «ልዕልት»፣
ከዚያ «እመቤት»፣ ከሁሉም በታች «ወይዘሪት»።
ካራዶግ ቀኑን ሙሉ ልዕልት በመሮ ሲከፍል ውሎ፣
ማታ ጎጆው ሲገባ ሚስቱ ቴግዌን ትስቃለች፦
«ዛሬ ስንት ልዕልት ገደልክ?»
«ሁለት መቶ። አንዷም አልጮኸች።»

የጮኸው ደረቱ ነበር።
አቧራው እንደ እንግዳ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ቤት ለመደ፤
በአርባ አራት ዓመቱ ባለቤቱን ይዞ ሄደ።

መቃብሩ ታች ነው፤ የእግሩን መንገድ በረዶ ዘጋው፤
ሣጥኑን ከፈረሶቹ ጋር ፉርጎው ላይ ጫኑት።
ሴረን አሸተተችው፤ ድርቆሿን ተወችው።
ኢድዋል ያን ቀን ፍሬኑን እንደ ሕፃን እጅ ያዘው፤
የአርባ ደቂቃውን ቁልቁለት በሁለት ሰዓት ወረደው።
ማንም አልተቆጣውም። ሰዓት ተቆጣጣሪው እንኳ
ሰዓቱን አወጣ፣ አየ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ካባው ተዘጋ። ሐዲዱን እሾህ ዋጠው፤
ግማሹ ብረት ተሸጠ፣ ግማሹ የበግ አጥር ሆነ።
ሴረን ግን እስክትሞት ድረስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ከመስኩ ወጥታ ሐዲዱ ዳር ትቆም ነበር አሉ፤
ተሳፍራ የምትወርድበት አልነበረም፤
ታች ነበረች።

አሁን እሑድ እሑድ እኔ ትኬት እቆርጣለሁ።
ጡረተኞች ሐዲዱን ጠግነው፣ የጣቢያውን በር ቀይ ቀብተው፣
ለዚህ ዳገት ባዕድ የሆነ የእንፋሎት ባቡር ገዝተው፣
እያስፏጩ ቱሪስት ያወጣሉ።
ኬክ አለ። ፖስትካርድ አለ።
የፈረሱ ፉርጎም መስታወት ውስጥ አለ፣
«እባክዎ አይንኩ» ተለጥፎበት።

ባለፈው ክረምት ጣሪያዬ አፈሰሰ።
ተራራችን የስንቱን አገር ቤት ከድኖ፣
የኔን ቀዳዳ የደፈነው ድንጋይ ከስፔን መጣ፣
ርካሽ ነው ተብሎ፣ በጭነት መኪና፣
ዳገቱን በናፍጣ እያቃሰተ።
ጣሪያ ሠሪውን «ስሟ ማነው?» አልኩት።
«አርባ በሃያ አምስት» አለኝ።

ዛሬ አንዲት ልጅ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣
«ፈረሱ ለምን ተሳፈረ?» አለችኝ።
«ዳገቱን ስለወጣ» አልኳት።
«ሰዎቹስ?»
ባቡሩ አፏጨ።
ትኬቷን ቆረጥኩላት።