በወረቀቱ ላይ ያልነበረ

ምድጃውን ያቀጣጠልሁ እኔ ነኝ፣ ወንበሩን የደረደርሁ፤
ስልሳ አድርግ ብለውኝ ነበር፣ ማን ይመጣል ብዬ አርባ አኖርሁ።
የማዕድን ሠራተኞች ክበብ፣ ከተማችን ቺያቱራ፣
በብረት ገመድ ገደል የምትሻገር፣ በጥቁር ድንጋይዋ የምትኮራ።

ሊቀ መንበሩ ባድሪ ጉሮሮውን ጠረገና
ከኪሱ ወረቀት አወጣ፣ መነጽሩን ወለወለና፦
«እንግዳችን ዶክተር ኔስታን፣ የአእምሮ ሐኪም፣ ስፔሻሊስት፣
ትብሊሲ ስምንት ዓመት፣ ላይፕዚግ ደግሞ ሁለት፣
በእንቅልፍ ማጣት ላይ የጻፈች፣
በጤና ትምህርት ጉባኤ በሰብሳቢነት የሠራች...»
እያለ መስመር በመስመር ወረደ።
ከኋላ አንዱ አዛጋ፣ ማዛጋቱ እንደ ጉንፋን ሄደ።

እኛ እኮ ሐኪም እናውቃለን፤ ሳንባ የሚያዳምጥ፣
«ተንፍስ» ብሎ፣ «አትተንፍስ» ብሎ ፊርማውን የሚያስቀምጥ።
የአእምሮ ሐኪም ለማን ነው? ጨርቁን ለጣለ ሰው፣
ከመንገድ ለሚለቀም። እኛማ፣ ሆድ ይፍጀው።

ተነሣች። ካፖርቷን አላወለቀችም፤
ምድጃዬ ጢስ እንጂ ሙቀት አልሰጠም።
«የተነበበው ልክ ነው» አለች፣ «አንድ መስመር ግን ጎድሏል።
የቫሊኮ ልጅ ነኝ። የስድስት ቁጥሩ ገመድ።»
                                    አዳራሹ ዝም ብሏል።

ቫሊኮ! ማንሻውን በጓንት የሚይዝ፣
ሴቶቹን ከነድንቻቸው፣ እኛን ከነጥላሸታችን፣ በሰማይ የሚያጓጉዝ።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንድ ክረምት ድምፁ ጎደለ።
እናቴ ‹ደክሞታል› አለች፤ ጎረቤቱም ‹ደክሞታል› አለ።
በጠዋት ከአልጋ አንሥቼ፣ ጫማውን አሥሬ፣ እጁን ማንሻው ላይ አኖርሁት፤
ከበደው። በእጁ ላይ እጄን ጭኜ እኔ ጎተትሁት።
ከጥር እስከ መጋቢት ያሻገርኋችሁ እኔ ነበርሁ፤
ሥራ ስጠይቅ ግን፣ በማመልከቻዬ ላይ ይህን መስመር ዘለልሁ።»

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ። በጠዋቱ ፈረቃ በዚያው ገመድ ተሳፈርሁ።
ባንድ ማንሻ ሁለት እጅ አየሁ፣ አንዱ ትንሽ።
ምን አልሁ? ስለ በረዶው አወራሁ።

ከዚያ ቡክሌቱን አወጣች፣ ሚኒስቴሩ ያሳተመውን፣
ሽፋኑ ላይ የምትሥቅ ሴት፣ የሱፍ አበባ የሸፈነው ፊቷን።
«ሥዕሉን ይቅር በሉኝ፣ ተከራክሬ ተሸነፍሁ።
ገጽ አራት ላይ ‹በርታ› ይል ነበር፣ እሱን በእጄ ሰረዝሁ።
የቀበርኋቸው ሁሉ በርቱ ነበሩ።»

ድባቴን በእንቅልፍ ጀመረች፣ በምግብ ጣዕም፣ በሚዘገይ እግር፤
ሰው ሳይሞት ከቤቱ እንዴት እንደሚቀር።

ኦቲያ እጁን አነሣ፤ ሠላሳ ዓመት ማንጋኒዝ የቆፈረ እጅ፣
ይንቀጠቀጣል። «ይሄ አቧራው ነው? ወይስ ሐሳብ፣ ሌሊት አስነሥቶ የሚያቆመኝ ደጅ?»
ባድሪ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሱ ከጀርባው እንዳለ።
እሷ እጁን አየች፣ ቆየች።
«አላውቅም» አለች። ቃሉ አየር ላይ ተንጠለጠለ።
«አቧራውም ያንቀጠቅጣል፣ ያዘነ ልብም ያንቀጠቅጣል።
ደምህ ይታያል፣ ነርቭህ ይታያል። ማክሰኞ ና፤
ሚስትህም ትምጣ፣ ወንበር ይበቃል።»

ስንት ሐኪም አየን፣ «አላውቅም» ያለን የለም።
በሩ ላይ ቆመው የነበሩት ገቡ።
አርባ ወንበር አልበቃም።

ስንወጣ ቡክሌቱ በሩ አጠገብ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቆልሎ፤
ማንም እጁን አልዘረጋም፣ ሰው ያየኛል ብሎ።
ኦቲያ ብቻ አንድ አንሥቶ ኮፍያው ውስጥ ከተተ።
እኔ አመድ ልደፋ ወጣሁ፤ ከአምስት ደቂቃ አልበለጠ፣
ስመለስ የቀረው ሦስት ነው፤ የአንዱ ጠርዝ፣
ስልክ ቁጥሩ ያለበት፣ በጥንቃቄ የተቆረጠ።

አንዱን ወሰድሁ። ለማን እንደሆነ አልተናገርሁም፣ ለራሴም።
ሁለቱን እዚያው ተውኋቸው፤
በሩንም አልቆለፍሁም።