በደምሰው እርምጃ

ታኅሣሥ አሥራ ሰባት፣ ጣርማበር ሲነጋ፣
ውርጭ አስፋልቱን ይዞ፣ ፀሐይ ሳትጠጋ፣
ሦስት መኪና ቆመን ከገደሉ አፋፍ፦
«ትውጣና ታሟሟው፣ ያን ጊዜ እንለፍ።»
ከአለቱ ስንጥቅ ሲያነባ ያደረ
ቀጭን ምንጭ፣ መንገድ ላይ ተኝቶ ጠጠረ፣
ጢሙን ለሚላጭ ሰው መስታወት ሆኖ ቀረ።

እኔ ብርድ ልብስ ነው የጫንኩት አይሱዙ ላይ፣
ከደብረ ብርሃን ወደ ሮቢት ፀሐይ።
(«ለቆላ ብርድ ልብስ?» ብሎ ሰው ከሳቀ፣
የወባ ማንቀጥቀጥ ምን እንደሁ አላወቀ።)
ጎማዬ የበጋ፣ ጥርሱ ገና ሙሉ፣
የሸጡልኝ ሰዎች «አይከዳህም» እያሉ።
የእታፈራሁ ሚኒባስ ለአራቱም ወቅት ነው፣
አይፈላ፣ አይቀዘቅዝ፣ «ለብ ያለ» የምትለው።
የማሙሸት ላንድክሩዘር ከባሕር ማዶ ነው፣
ጎማው የክረምት ነው፤ ከጎኑ ብታየው
ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ ከሆዱ ላይ ገብታ
የበረዶ አበባ፣ በስድስት ቅጠል ፈክታ።

ጎሚስታው ጥላዬ ከቆርቆሮ ቤቱ
ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ በጥዋቱ፣
የኔን ነካ ነካ፣ ገፋ በአውራ ጣቱ።

«ስሙ ነው ያሳተህ። ይህን የሠራ አገር
ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ፀሐይ፣ ባሕር።
የኛ ክረምት ጭቃ፣ የኛ በጋ ሌላ፦
ቀን አናት ሲበሳ፣ ሌት አጥንት ሲበላ።
የበጋ ጎማ ገዝተህ በበጋ ስትነዳ
ታኅሣሥ በሩ ላይ ቆሞ ይጠይቃል ዕዳ።
ይኸው ተመልከተው፣ ላስቲኩ ደርቋል፣
እንደ ከበሮ ቆዳ ሲመቱት ይጮኻል።
የማሙሸት ግን በብርድም ልስልስ እንዳለ ነው፣
ጥርሱን ሺህ ቦታ ላይ ምላጭ የሰነጠቀው፣
በረዶን በሺህ ከንፈር ስሞ የሚይዘው።
ሮቢት ብታወርደው ግን፣ በዚያ በጋለ አስፋልት
እንደ ሰም ይሟሟል፤ ሦስት ወር ነው ዕድሜው፣ አራት!»

«ወሬ ምን ያደርጋል፣ እንለካው» አለች እታፈራሁ።

ከዋሻው ወዲህ ሜዳ አለ።
ሁላችንም በሠላሳ ነድተን
ኖራ የተቀባው ድንጋይ ጋ ፍሬን ልንረግጥ፣
ረዳቴ ደምሰው በእርምጃው ሊቆጥር።

ማሙሸት፣ አሥራ ዘጠኝ።
ነክሶ ቆመ፤ ከመስኮቱ ክንዱን እንኳ አላስገባም።

እታፈራሁ፣ ሠላሳ አንድ፤
የሚኒባሷ ወገብ ትንሽ ዞር ብሎ፣ አፍሮ፣ ተመለሰ።

እኔ፣
መሪው በእጄ ውስጥ የሌላ ሰው መሪ ሆነ።
ያ ሁሉ ብርድ ልብስ ከጀርባዬ ገፋኝ፤
ድምፅ የለም፣ ጩኸት የለም፣
ዝም ብለን ሄድን፣ ሄድን፣
ገብሱ የታጨደበት ማሳ ጠርዝ ላይ አፈሩ እስኪይዘን።
ደምሰው እየቆጠረ ደረሰ፤
ሁለቴ ወድቆ፣ ሁለቴ ተነሥቶ፣
ቁጥሩን ከአፉ ሳይጥል።
«አርባ ሰባት።»

ያኔ ነው እግሩን ያየሁት።
የኮንጎ ጫማው ሶል ልብስ እንደታጠበበት ሳሙና አልቋል።
ሁለት ዓመት አብሮኝ ነው፤
ቁልቁለት ላይ መኪናው እንቢ ሲል
ታኮ ይዞ ከጎማው ሥር የሚገባው እሱ ነው።
የስድስት ጎማ ጥርስ በየማለዳው ስዳስስ
ሰባተኛና ስምንተኛውን ዳስሼ አላውቅም።

ጥላዬ ምንም አልጠየቀኝም።
ከቤቱ ጀርባ አንድ የፈነዳ የክረምት ጎማ ጎተተ፣
«ለመኪና አይሆንም» አለ፣
በቢላ ቀደደው፣ ትንፋሹ እየጨሰ፣
በረባሶ አደረገው።
ማሰሪያው ላይ ግማሽ ተራራ ቀረ፣
ከአበባዋም ሦስት ቅጠል።

ደምሰው አጠለቀው፤ ለካልሲው ሰፋ፣ አጠበቀው።
ፀሐይ የገደሉን አናት ብቻ እንደነካች፣
ማንም ሳያዘው ወደ ግግሩ ተመለሰ።
ከኖራው ድንጋይ ጀመረ፣
አንገቱን ደፍቶ፣ ሳይቸኩል፣ እጁን ኪሱ ከቶ።

እኛ ሞተር አስነሥተን ነበር።

«ወንድይፍራው!» ብሎ ከማዶ ተጣራ፣
«ተሳስቻለሁ!
አርባ ሰባት አይደለም፣
ሃምሳ ሁለት ነው!»