ሦስት ጊዜ ሲጠየቅ

ጌንት፣ ከቦዩ ዳር፣ ትራም ከሚዞርበት፣
ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ ሙጫና አሮጌ ሶል የሚሸትባት።
በራፌ ላይ ያለው አራት ቃል ብቻ ነው፣
እሱንም ከግማሽ ዝናብ ያደበዘዘው፦
«ጫማ ይታደሳል። ቁልፍ ይቀረጻል።»
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ይኸው አብልቶናል።

ልጄ ትርሲት ግን፣ የወሩን ሒሳብ ስትሠራ፣
ቀና አለች ድንገት፣ ከደረሰኙ ተራራ።
«አባ፣ ይሄ በር ዲዳ ነው» አለችኝ፤ «ሰው ያልፋል፣
እጅህ የሚያውቀውን በምን ያውቀዋል?
በየሰኞው አንድ ገጽ ጽፈህ መስኮቱ ላይ ለጥፍ፣
ስለ ቆዳ፣ ስለ ክር፤ ሰው እንዲያነብ፣ እንዳያልፍ።
ካልተናገሩ እኮ ደጃዝማችነት ይቀራል።»
(ተረቱ የእናቷ ነው፤ ደጃዝማችን እዚህ ማን ያውቃል?)

እኔም ተረት አላጣሁ፤ ግን ከንፈሬ ምስማር ነክሷል፣
«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያልኩት ተድበስብሶ ወጥቷል።

ደግሞስ ጎረቤቴን፣ ቬርለን አይቻለሁ፣
አበባ ሻጯን፤ ጥቁር ሰሌዳዋን አስታውሳለሁ።
መጀመሪያ ሰሞን፣ በማለዳ፣ በጠመኔ፣
ስለ ቱሊፕ ትጽፍ ነበር፤ ከአንባቢዎቿ አንዱ እኔ።
ሁለተኛው ሳምንት ላይ በቀን ልዩነት ሆነ፤
ሦስተኛው በልጇ ጉንፋን፣ በመኪናዋ ብልሽት ባከነ።
ከዚያ «መልካም ፋሲካ» ጻፈች፤ ጠመኔውን አስቀመጠች፤
ያቺው ፋሲካ ኅዳር ድረስ ሰሌዳው ላይ ከረመች።
አንድ ሽማግሌ መጣ፣ ጭጋጉ ውስጥ ቆሞ፣
«ሴትዮዋ ሞተች እንዴ?» አለኝ፣ ድምፁ ተዳክሞ።
እሷ ግን ከጓዳ የጽጌረዳ እሾህ ትመለምላለች፤
በሁለት ያረጁ ቃላት በቁሟ ሞታለች።

ይሄን ለልጄ ነገርኩ፤ ረታሁ ብዬም ደስ አለኝ።
ደብተሯን ዘጋች፤ መልስም አልሰጠችኝ።

በዚያው ሳምንት ዝናቡ፣ እንደ ልማዱ፣ አላባራ አለ፤
ማክሰኞ አንድ ተማሪ የራሰ ቦት ጫማ አንጠለጠለ፦
«ማሞቂያው ላይ ነበር ያኖርኩት፤ ቆዳው ለምን ተሰነጠቀ?»
ረቡዕ አንዲት ነርስ፣ ሐሙስ የትራም ሹፌር ያንኑ ጠየቀ።
እኔም ለሦስቱም ያንኑ፦ «ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፤ ከእሳት አርቁት፤
በዝግታ ይድረቅ፤ ቆዳ እንደ ሰው ነው፣ ሲቸኩሉበት
ይኮማተራል።» ሹፌሩ ሲወጣ ትርሲት ሳቀች፣
«ሦስት ጊዜ ተናገርከው» ብላ ወረቀት አቀበለች።

ያን ማታ ጻፍኩት። ሰባት መስመር። በፍላሚሽኛ።
ግማሹን እሷ አረመች፤ ግማሹ ልቡ አማርኛ።
ቀን አልጻፍኩበትም። ቀን ያረጃል፣ ዝናብ አያረጅም፤
እዚህ አገር እስከዘነበ ይህ ወረቀት አይሞትም።
ለሰኞ ቃል አልገባሁም። ስምምነታችን ይኼ ነው፦
ሦስት ሰው የጠየቀኝን እጽፋለሁ፤ ሌላውን መዶሻ ይናገረው።
በስድስት ወር አራት ቢሆን፣ በዓመት አንድም ባይሆን፣
ምላሴን የሚያስር ሰኞ በደጄ አይሁን።

ትናንት ሱቁን ዘግቼ ከፎቅ መስኮት ቁልቁል ሳይ፣
አንዲት ሴት ቆማለች፣ ዓይኗን ጥላ ወረቀቱ ላይ።
አነበበች። የገዛ ጫማዋን አየች፣ ጎንበስ ብላ።
ደግሞ አነበበች። ትራሙ ደወለ፤ ሄደች፣ ጃንጥላዋን ጠቅልላ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በሩን ባይ፣ ባይ፣ አልመጣችም።
ጫማዋ ምናልባት እቤቷ፣ ጋዜጣ ጎርሶ፣
በዝግታ ይደርቃል። እኔ ጋ መምጣት አያሻትም።
ትርሲትም ይህን ከሒሳቡ ደብተር የት ጋ እንደምትጽፈው አላወቀችም።