የእንግዴ ልጅ

ተንሳፋፊው ቡይ፣ ቁጥር ሰባት ጋ ስደርስ፣ ገመዱ ሳስቷል፤
የባህር ሣር እንደ ጢም በቅሎበታል።
ፋቅሁት በቢላዋ፣ ጣቴ እስኪደነዝዝ፣
አዲሱን አሰርኩት፣ ወጀብ መጥቶ እንዳይመዝዝ።
ቋጠሮው የአባቴ ነው፤ ከፓርኩ አልተማርኩትም፣
በሥልጠናው መጽሐፍ ሥዕሉ የለበትም።

እዚህ የታሰረ ጀልባ መልሕቅ አይጥልም።
አምና አንድ የቱሪስት መርከብ አንዴ ብቻ ጣለ፣
የሠርግ ድንኳን ያህል ኮራል ተነቀለ።
አያቴ ሳትወለድ ጣት ያህል የነበረ
በአንድ ሰንሰለት ጉተታ እንደ ሸክላ ተሰባበረ።
ካፒቴኑ ቅጣቱን ከፈለ፤ ደረሰኝ ቆረጥኩለት።
ኮራሉ ደረሰኝ አያነብም፤ ዛሬም ነጭ ነው፣ ያለ ሕይወት።

ሞተር ላስነሳ ስል፣ ከክልክሉ ውሃ ውስጥ
አንዲት ታንኳ አየሁ፣ በማዕበል ስትናጥ፤
ጎኗ በዘይት ቆርቆሮ የተጣፈ፣
ባለቤቷን ከሩቅ እንደ ፊርማ የጻፈ።
ፑአ ሳዳር።
የአባቴ ታናሽ፤ ከቤታችን ደረጃ ወደ ባህር ገፍትሮኝ
“ወይ ዋኚ ወይ ጠጪ” ብሎ ዋና ያስተማረኝ።
ጦሩ ጫፍ ላይ ኦክቶፐስ፣ ከነነፍሷ የወጣች፤
ቀይ ሆነች፣ ግራጫ ሆነች፣ መሸሸጊያ ቀለም አጣች።

“ፑአ፣ እዚህ ክልክል ነው።”
“የት ጋ ነው የተጻፈው?” ውሃውን በመቅዘፊያው መታው፤
“ይኸው፣ መስመራችሁን አጠፋሁት፤ ከቻልሽ ፈልገሽ አውጪው።”
ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ድምፁን እንደ መረብ ጣለ፦
“እናትሽ የወለደችሽ ለት ማን ነበር ታንኳ ላይ የዋለ፣
የእንግዴ ልጅሽን በኮኮናት ቅርፊት፣ በአመድ ሸፍኖ?
እኔው። እዚሁ፣ ከቡይሽ ሥር አወረድኩት፤ ይኖራል ወንድምሽ ሆኖ።
ታዲያ ወንድምሽ ቤት ለመግባት ፈቃድ የምጠይቀው ማንን ነው?”

የየብስ ሰው አገሩን “እትብቴ የተቀበረበት” ይላል፤
የእኛ የባጆዎች አይቀበርም፤ ይዋኛል።

“ድማሚት በወረወርክበት ቀንስ ወንድሜ አላሳዘነህም?” ልለው፣
ግራ ጆሮው ትዝ አለኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የማይሰማው።
እሱም ልክ ነው፤ ቅጹም ልክ ነው። የሥራዬ ክፋቱ፣
የሚያዘው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ አንዳንዱ ባለቤቱ።

መዘንኩ። ሁለት ኪሎ ከሩብ። ጦሩን ወረስኩ።
ቅጹ ስም ሲጠይቀኝ፣ ሙሉ ስሙን ጻፍኩ።
እስክሪብቶዬ ደርቆ ነበር፤ አውራ ጣቱን ከኦክቶፐሷ ቀለም ነክሮ
ፈረመልኝ፣ ሳያየኝ፤ ወደ መንደር ቀዘፈ ዞሮ።

ከሄደ በኋላ ፊቴን ውሃ ውስጥ ነከርኩ።
ከቡዩ ሥር፣ ከስንጥቁ፣ ሌላ ኦክቶፐስ አየሁ፤ ትንፋሼን ዋጥኩ።
እንቁላሏ እንደ ሩዝ ዛላ ከጣሪያው ተንጠልጥሎ፣
ክንዷ ያራግብለታል፣ ሳይበላ፣ ሳይተኛ ውሎ።
ደጇ ላይ፣ አሸዋው ላይ፣ የጦር ጫፍ የጫረው መስመር፤
እስከ በሯ ደርሶ ተመልሷል።
ከዚያ ያለፈ ጭረት አልነበር።

ቅጹን ገለጥኩ። ለተያዘ ሳጥን አለ፣ ለተወረሰም፣ ለተቀጣም፤
ለተተወ ነገር ግን፣ ከላይም ከታችም፣ አንድ ቦታ የለም።
ማታ መዝገቡ ላይ፦ “ነፋስ ከምሥራቅ። ቡይ ሰባት፣ ገመዱ ተቀየረ።”
ጦሩ ከበሬ ኋላ ቆሞ፣ ጨው እየተፋ አደረ።